የልብን ብርታት በአንድ ማይል ጉዞ መመዘን

ነጋዴ በየዓመቱ ዕቃውን ቆጥሮ፥ ትርፉንና ኪሳራውን ለይቶ ሒሳቡን ይዘጋል። ነገር ግን ከማለዳ እስከ ምሽት በመደብሩ ተቀምጦ የሚውለው ባለሱቅም ሆነ ሰነድ ሲመረምር የሚያመሸው አስመጪና ላኪ የገዛ ልቡን ጉልበት የሚመረምርበት ቀን እምብዛም የለውም። የልብና የሳንባ ብርታት ማነስ ከልብ በሽታና ያለ ዕድሜ ከሚመጣ ሞት ጋራ የተያያዘ መሆኑ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህም የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ሐኪሞች ይህን ብርታት እንደ ደም ግፊት ሁሉ እንዲመዝኑት አሳስቧል።

ትክክለኛው መለኪያ ሰው በመሮጫ መኪና ላይ ሳለ ሰውነቱ የሚጠቀምበትን ኦክሲጅን በመሣሪያ መለካት ነው፤ ይህ ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ወንዶችንና ሴቶችን አንድ ማይል በእግር አስኪዶ፥ ውጤቱንም ከመሣሪያው ጋራ አመሳክሮ ቀላል ስሌት አስገኘ። ስሙም የሮክፖርት የጉዞ ፈተና ይባላል።

አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው። በደልዳላ ስፍራ 1,609 ሜትር ይለካል፤ ይህም በ400 ሜትር የሩጫ መም አራት ዙርና 9 ሜትር ነው። ተፈታኙ ሳይሮጥ በተቻለው ፍጥነት ይሄዳል፤ እንደ ጨረሰም ወዲያው በእጁ አንጓ ላይ ትርታውን ለ15 ሰኮንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል።

ከዚያ በኋላ ከ132.853 ላይ ክብደቱ በኪሎ በ0.1695፥ ዕድሜው በ0.3877፥ የፈጀው ደቂቃ በ3.2649፥ ትርታውም በ0.1565 እየተባዛ ይቀነሳል፤ ለወንድ 6.315 ይጨመርለታል። የ45 ዓመት ሰው፥ ክብደቱ 75 ኪሎ የሆነ፥ በ16 ደቂቃ ጨርሶ ትርታው 130 ቢሆን 36.4 ያገኛል፤ ይኸውም ሰውነቱ በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው ኦክሲጅን በሚሊ ሊትር ነው። ያው ሰው በዚያው ትርታ በ15 ደቂቃ ቢጨርስ 39.7 ይደርሳል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ውጤትን ከውጭ አገር ሠንጠረዥ ጋራ ማስተያየት ያሳስታል፤ የሚበጀው ከራስ የቀድሞ ውጤት ጋራ ማነጻጸር ነው። ትርታን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውጤቱ ከእውነተኛው በላይ ስለሚያሳየው አይመካበት። ደረቱን የሚያመው ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ በጉዞው መካከል የደረት ሕመም ወይም ማዞር የተሰማውም ወዲያው ያቁም።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም በአምስት ቀን ሲከፈል በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ ጉዞ ይሆናል። ይህን የጀመረ ነጋዴ በየሦስት ወሩ በዚያው ስፍራና በዚያው ሰዓት ተፈትኖ ደቂቃውንና ትርታውን በደብተሩ ቢመዘግብ፥ ልቡ መበርታቱን ወይም መድከሙን ከሕመም በፊት ከቁጥሩ ሊረዳ ይችላል።