«ቃኚ» ወይስ «አጣጣሚ»? ስለ አማተር ሬዲዮ አንድ መሣሪያ አሠራርና ስያሜ

በእንግሊዝኛ «አንቴና ቲዩነር» የተባለውን የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ቀድሞ የሚመጣለት ቃል «የአንቴና ቃኚ» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመጀመሪያ ረቂቁ ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ነበር። ቃሉ ላይ ላዩን ሲታይ እንከን ያለበት አይመስልም። ነገር ግን ባለክራሩ ክራሩን ቃኘ ስንል አውታሮቹን አክርሮ ወይም አላልቶ ወደሚፈልገው ድምፅ አመጣቸው ማለታችን ነው፤ በመቃኘት የሚለወጠው አውታሩ ራሱ ነው። ከአስተላላፊው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው መሣሪያ ግን ጣራ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ አያረዝመውም፣ አያሳጥረውምም። እንግዲህ ስሙን ከማጽደቅ በፊት ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን መመልከት ይገባል።

የአማተር አስተላላፊዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት ኃይላቸውን 50 ኦም ኢምፒዳንስ ላለው ጭነት እንዲሰጡ ታስበው ነው። ኢምፒዳንስ ስንል ተለዋዋጭ ከረንት በመንገዱ የሚያጋጥመውን ጠቅላላ መሰናክል ማለታችን ነው። የግማሽ ሞገድ ርዝመት ያለውና በመካከሉ የሚመገብ ሽቦ፣ ከመሬትና ከሌላ ነገር ርቆ ሲታሰብ፣ በራሱ ድግግሞሽ 73 ኦም ያህል ያሳያል፤ ከዚያ ድግግሞሽ በተራቀ መጠን ግን ቁጥሩ በእጅጉ ይለዋወጣል። ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ ከሞገዱ ከፊሉ ከአንቴናው ተመልሶ ይመጣል። የቋሚ ሞገድ ምጥጥኑ 2 ለ 1 ሲሆን ተመላሹ ኃይል ከመቶ 11 ያህል፣ 3 ለ 1 ሲሆን ከመቶ 25 ነው። ባለ ትራንዚስተር አስተላላፊ ይህ ሲገጥመው ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ይቀንሳል። መሣሪያው በመካከል ገብቶ ለአስተላላፊው 50 ኦም ያሳየዋል። ከመሣሪያው እስከ አንቴናው ባለው ገመድ ላይ ያለው ቋሚ ሞገድ ግን እንደነበረ ይቀራል፤ አንባቢው «አንቴናው ተቃኘ» የሚለውን አምኖ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከአሠራሮቹ ሁሉ ቀላሉ በላቲኑ ፊደል ቅርጽ «ኤል» የሚባለው ነው፤ አንድ ጥቅል ሽቦና አንድ ካፓሲተር ይበቁታል። ለምሳሌ በ7 ሜጋኸርዝ 50 ኦምን ከ200 ኦም ጋር ለማስማማት በመስመሩ ላይ በተከታታይ 2 ማይክሮሄንሪ ያህል ጥቅል፣ በ200 ኦሙ ወገን ደግሞ ከመስመሩ ወደ መሬት 197 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲተር ማስገባት ነው። ክፍሎቹ በዚህ አኳኋን ሲደረደሩ ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ ሠራተኛው የሚስትበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ብክነቱም አነስተኛ ነው። ጉድለቱ፣ የጭነቱ ኢምፒዳንስ ዝቅ ሲል ካፓሲተሩ ወደ አስተላላፊው ወገን መዛወር ስላለበት ማዞሪያ መጠየቁ ነው።

በ«ቲ» ቅርጽ የሚሠራው ሁለት ካፓሲተሮችን በተከታታይ ያኖርና ከመካከላቸው አንድ ጥቅል ወደ መሬት ያወርዳል። በመጠነኛ ክፍሎች ሰፊ የኢምፒዳንስ ክልል ስለሚሸፍን በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። የሦስቱ ክፍሎች ብዙ ልዩ ልዩ አቀማመጦች የመለኪያውን መርፌ 1 ለ 1 ላይ ያደርሱታልና መርፌው ዜሮ ተመላሽ ሲያሳይ ኃይሉ ሁሉ አንቴናው ዘንድ ደረሰ ማለት አይደለም፤ በተሳሳተ አቀማመጥ ብዙው በጥቅሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ካፓሲተሮቹን የቻሉትን ያህል ከፍ፣ ጥቅሉን የቻሉትን ያህል ዝቅ አድርገው ይጠቀማሉ። የመመሪያ ጽሑፍ ተርጓሚ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አሳስቶ ቢገለብጠው የሚቃጠለው የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ስለ ክፍሎቹ አበጃጀት በአጭሩ እንናገር። ጥቅሉ ወይ በየቦታው ቅርንጫፍ ወጥቶለት በማዞሪያ ይመረጣል፣ ወይ ራሱ እየተሽከረከረ በላዩ በሚንከባለል ትንሽ ጎማ ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ውድ ቢሆንም እያንዳንዱን ልክ ይሰጣል። የካፓሲተሩ ዝርግ ብረቶች ከተቀራረቡ በከፍተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ ይዘላል። በራሱ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ እያንዳንዱ የቀዳሚውን እጥፍ የሆኑ ቋሚ ጥቅሎችንና ካፓሲተሮችን በሪሌይ ያስገባል ያስወጣል፤ ስምንት ጥቅሎች ብቻ 256 ልዩ ልዩ መጠን ይሰጣሉ። አሜሪካዊው የጆንሰን ኩባንያ «ማችቦክስ» ብሎ ይሸጠው የነበረው መሣሪያ፣ ሳይነካኩ በማግኔት ኃይል የሚገናኙ ጥቅሎች አሉት፤ ሚዛናዊ ለሆነ ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ይስማማል። በዚህኛው ውስጥ አንዱ ጥቅል ከካፓሲተሩ ጋር በእርግጥ ወደ ሥራው ድግግሞሽ ስለሚቃኝ፣ «ቃኚ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለእርሱ ነው። የሚገርመው ግን ስሙ መቃኘትን አለመጥራቱ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችም ሁለት መንገድ ይዘዋል። ፈረንሳዮች «ቧት ዳኮር» ሲሉ አኮር የሙዚቃ መሣሪያ መቃኘትንም ስምምነትንም ስለሚያመለክት ሁለቱን በአንድ ቃል ይዘዋል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለእኛ አልገጠመንም። ጀርመኖች «አንፓስጌሬት»፣ ሩስያውያን «ሶግላሱዩሽቼዬ ኡስትሮይስትቮ» ይላሉ፤ ሁለቱም ማስማማትን እንጂ መቃኘትን አያነሡም። በእንግሊዝኛም ሉዊስ ማኮይ እ.ኤ.አ. በ1970 በኪው ኤስ ቲ መጽሔት ላይ ያቀረበውን ንድፍ «ትራንስማች» ብሎታል። በአንጻሩ ዋልተር ማክስዌል፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በዚያው መጽሔት ስለ ተመላሽ ሞገድ ተከታታይ ጽሑፍ ያወጣው መሐንዲስ፣ በሚገባ የተስተካከለ መሣሪያ ገመዱንና አንቴናውን ጨምሮ መላውን ሥርዓት ወደ ሬዞናንስ ያመጣል ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የሚቃኘው መላው ሥርዓት ከሆነ «የአንቴና ቃኚ» አሁንም ጠቧል።

«አዛማጅ» የሚል ሐሳብም ይቀርብ ይሆናል። ማዛመድ ግን አስቀድሞ ዝምድና ያላቸውን ማገናኘት ነው፤ መሣሪያው የሚያደርገው የማይገጥሙትን እንዲገጥሙ ማብቃት ነው። ለዚህ «አጣጣመ» ይሻላል። ምግብን ማጣጣም የሚለው ትርጉም ቢኖርም ዐውዱ ስለሚለየው አያሰጋም። «ቃኘ» የተቀባዩን ድግግሞሽ ለመምረጥ ይቀመጥ። ለመዝገበ ቃላቱ የምናቀርበው ፍቺ ይህ ነው፦

የአንቴና አጣጣሚ፤ ስም። በአስተላላፊና በአንቴና መስመር መካከል ገብቶ ለአስተላላፊው የሚስማማውን ኢምፒዳንስ የሚያሳይ፣ ከጥቅልና ከካፓሲተር የተሠራ መሣሪያ። የአንቴና ቃኚ፤ የአንቴና አጣጣሚን ተመልከት።