የመረጥነው ሰው ትናንት ምን ነበር?

ወገኖቼ ገበሬዎች፤ መሪ ስትመርጡ «ትናንት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ይህንኑ ጠይቆ ነበር። የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ ሲቋቋም፣ መጀመሪያ አባል እንዲሆኑ የተፈቀደላቸው ጭሰኛው፣ መሬት የሌለው፣ ተቀጥሮ የሚያርሰውና ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ በታች የነበረው ባለመሬት ናቸው። ከዚያ በላይ የነበረው ሰው የሚገባው ድልድሉ ካለቀ በኋላ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ትናንት ሲሶ የተቀበለ ጌታ ዛሬ ሊቀ መንበር ሆኖ መሬት ቢያከፋፍል፣ ጭሰኛው ምን ይደርሰዋል?

ግን ድሃ መሆን ብቻውን ሰውን ታማኝ አያደርገውም። ጭሰኛ የነበረውም ማኅተም ሲይዝ ሊለወጥ ይችላል። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው፤ የመረጣችሁት ሰው ያስጻፈውን ቃለ ጉባኤ ሳታነቡ አትፈርሙ!