ደብሊን፦ ወንድም ከደጅ የቀረበት ሕግ

ደብሊን የአየርላንድ ዋና ከተማ ናት። አውሮፓ ለገባ ስደተኛ ሐበሻ ግን ደብሊን ማለት አሻራ ነው። ከሊቢያ ባሕሩን ተሻግሮ ጣሊያን ላይ አሻራ የሰጠ ሰው ስዊድን ደርሶ ጥገኝነት ሲጠይቅ፣ ዩሮዳክ የተባለው የአሻራ መዝገብ ያጋልጠዋል፤ ጉዳዩም ወደ ጣሊያን ይመራል። የዚህ ሕግ ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 በከተማዋ ከተፈረመው ስምምነት ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የደብሊን ደንብ የትኛው አገር ጉዳዩን እንደሚያይ የሚወሰንበት ተራ ሲታይ ከአሻራ የሚቀድመው ቤተሰብ ነው። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ብቻውን የመጣ ልጅ ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በሕጋዊነት ወደሚኖሩበት አገር ይሄዳል፤ የሚይዙት ከሆነ አክስት፣ አጎትና አያትም ይቆጠራሉ። ለአዋቂ ግን በሩ ይጠባል፦ የትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ በቃ። ታላቅ ወንድም ፍራንክፈርት ላይ ቤት ይዞ ቢጠብቅም ወንድምነቱ ብቻውን አይበቃም፤ እርግዝና፣ አራስነት፣ ጽኑ ሕመም፣ ከባድ የአካል ጉዳት ወይም እርጅና አንዱን በሌላው ላይ ጥገኛ ካላደረገው በስተቀር።

እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ነው፤ ያሳደገች አክስት «እናቴ» ናት። ይህ አጠራር በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ ጣጣ ያመጣል፤ ኋላ ወረቀቱ ሌላ ሲል ተናጋሪው ውሸታም ሊመስል ይችላል።

ለእኛ ዓይነቱ ዝምድና የሚቀርበው የዚሁ ደንብ አንቀጽ 17 ንኡስ አንቀጽ 2 ነው። አንድ አገር በሰብአዊነት፣ በተለይም በቤተሰብ ወይም በባህል ትስስር ምክንያት፣ ሌላውን አገር «ዘመዶቹ አንተ ዘንድ ናቸውና ተረከበው» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ባለጉዳዮቹ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ባህል ምን እንደሆነ ደንቡ አይፈታም። ደግሞም «ይችላል» ይላል እንጂ «አለበት» አይልም፤ በእኔ እይታ የአንቀጹ ድካም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ይህን ደንብ የሚተካው አዲስ ደንብ አውሮፓ ሳይደረስ በስደት መንገድ ላይ የተመሠረተን ትዳርም ይቀበላል፤ አዋቂ ወንድምና እህት ግን አሁንም ደጅ ናቸው። አገሮች የርክክብ ጥያቄ የሚያቀርቡበትን ጊዜም ከ3 ወር ወደ 2 ወር ያሳጥራል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ዘመድ ያለህ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ተናገር፤ የአጎትህንም ልጅ «የአጎቴ ልጅ» በለው።