ደም ለጋሾችና ሄፓታይተስ ቢ

ሄፓታይተስ ቢ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች የሚተላለፍ፣ ጉበትን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር በሰደደ ሁኔታ ተይዘው እንደነበር ይገምታል። አብዛኞቹ ለዓመታት ሕመም ስለማይሰማቸው፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ ደም የለገሰ ሰው መያዙን መጀመሪያ የሚያውቀው ከደም ባንክ በሚነገረው ውጤት ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ የተለገሰ ደም ለሕሙማን ከመሰጠቱ በፊት ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል። ለሄፓታይተስ ቢ በዋናነት የሚፈለገው የቫይረሱ ውጫዊ ሽፋን ፕሮቲን፣ ማለትም አንቲጂን ነው። ይሁንና ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ የመስኮት ጊዜ በሚባለው ወቅት፣ አንቲጂኑ በምርመራ ላይታይ ስለሚችል፣ ለጋሹ ከልገሳው በፊት ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች የሚሰጠው እውነተኛ መልስ የምርመራውን ያህል ዋጋ አለው። የታመመ ዘመዱን ለማትረፍ ተጨንቆ የሚመጣ ሰው ያለፈ ታሪኩን ለመደበቅ ሊገፋፋ ስለሚችል፣ በፈቃዳቸው በየጊዜው የሚለግሱ ሰዎች ደም ይበልጥ አስተማማኝ እንደሆነ ይታመናል።

ለበሽታው ከሚያጋልጡት መካከል ጥንቃቄ የጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ መርፌና ምላጭ መጋራት፣ እንዲሁም ባልተቀቀለ መሣሪያ የሚፈጸም ንቅሳት፣ ዋግምት፣ ግርዛትና እንጥል ማስቆረጥ ይገኛሉ፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ስለሚችል ደም የነካው ስለት ደርቆም አደገኛ ነው። ሆኖም በሽታው ሥር የሚሰድበት ዋናው መንገድ ከእናት ወደ ልጅና በሕፃንነት የሚደርስ መተላለፍ ነው፤ ምክንያቱም በጨቅላነታቸው ከተያዙት 90 በመቶ ገደማ በሽታው ሥር ሲሰድባቸው፣ ጤነኛ ሆነው በአዋቂነት ከተያዙት ግን ይህ የሚደርሰው ከ5 በመቶ በታች በሆኑት ላይ ነው። ስለዚህ በለጋሹ ደም ቫይረሱ መገኘቱ የጠባዩ ማስረጃ ተደርጎ ሊታይና ሊያሳፍረው አይገባም።

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ፣ ዛሬ ደም ከሚለግሱት አዋቂዎች አብዛኞቹ በልጅነታቸው አላገኙትም። የተያዘ ለጋሽ ደሙ በመወገዱ ብቻ ጉዳዩ ሊዘጋ አይገባም፤ ውጤቱ በምስጢር ተነግሮት፣ የጉበት ጠባሳና ካንሰር እንዳይከተልበት ክትትል፣ ካስፈለገም ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት ማግኘት ይኖርበታል፤ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹም ተመርምረው ያልተያዙት ሊከተቡ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ምርመራው ደም ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ለማዳን የመጣውን ለጋሽና ቤተሰቡንም ይጠብቃል።