ቀጭን ገመድ ለከባድ ሥራ፦ የማራዘሚያ ገመድ አጠቃቀም ጥንቃቄ

የኤሌክትሪክ ኃይል በገባባቸው ከተሞች እና የገጠር ቀበሌዎች ግራይንደር፣ ድሪል፣ የእንጨት መላጊያ እና የውኃ ፓምፕ መጠቀም የተለመደ ሆኗል። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የሚከናወነው ከሶኬት ርቆ፣ በደጅ ወይም በማሳ ዳር በመሆኑ ኃይሉ በማራዘሚያ ገመድ ይወሰዳል። ለማሽኑ በሺህ የሚቆጠር ብር ያወጣ ሰው ለገመዱ ሲሆን እጁ ያጥራል።

በኢትዮጵያ ለቤት አገልግሎት የሚውለው ኃይል 220 ቮልት ነው። 2 ሺህ ዋት የሚፈልግ ግራይንደር ከዚህ መስመር 9 አምፔር ያህል ይስባል። ለመብራት እና ለቴሌቪዥን የሚበቃ፣ የሽቦው ውፍረት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የ50 ሜትር የመዳብ ገመድ ይህን ማሽን እንዲያሠራ ቢደረግ 20 ቮልት ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ኃይል 180 ዋት ገደማ ሙቀት ሆኖ ገመዱን ያግለዋል። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚጎድለው ከ6 እስከ 7 ቮልት ብቻ ነበር። በተለይ የውኃ ፓምፕ ኃይል ሲያንሰው ለመነሣት ይቸገራል፤ በዚያው ከቆየ ሞተሩ ይቃጠላል።

ገመዱ እንደተጠቀለለ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ሰጋቱራ በሞላበት የእንጨት ሥራ ቤት ደግሞ ይህ እሳት ማለት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው 5 ሜትር ብቻ ቢሆንም ጥቅሉ እስከ መጨረሻው ሊፈታ ይገባል። ማራዘሚያን በማራዘሚያ ላይ መቀጠልም አይመከርም።

ሌላው የሚዘነጋው የመሬት መስመር ነው። የብረት አካል ያለው ማሽን ሦስተኛ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ባለ ሁለት ሽቦ ማራዘሚያ ግን ይህን መከላከያ ይቆርጠዋል። በገመዱ ልባስ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 3 በ2.5፣ የሽቦዎቹን ብዛት እና ውፍረት ስለሚናገር ከመግዛት በፊት ማንበብ ይበጃል። ብሬከር አለ ብሎ መተማመንም አይቻልም። የ16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከቃጠሎ ለማዳን ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ያነሰ ይበቃል። ለሰው የሚደርሰው በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ኃይሉን የሚቆርጠው የፍሳሽ ኃይል መከላከያ ነው። ዋጋው ከተራ ብሬከር ቢወደድም ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሰው ቅንጦት አይደለም።

በመስኖ ማሳ ላይ የተቀጠለን ገመድ በፌስታል ጠቅልሎ በእርጥብ መሬት ላይ መዘርጋት፣ ፓምፑንም በኤሌክትሪክ ገመዱ አንጠልጥሎ ወደ ጉድጓድ ማውረድ ለሕይወት አደገኛ ነው። ፓምፑ በጠንካራ የናይለን ገመድ መታሰር፣ መቀጠያውም ከውኃ ርቆ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሰው ማስያዝ ነውና አስቀድሞ ኃይሉ ከቆጣሪው ወይም ከሶኬቱ ይቋረጥ።