ሁሉን የሚችል አንድ መኪና አለ? ከይፋግ ማሳ እስከ አዲስ አበባ በኩንታል ስናሰላው

ዛሬ ስለ ሩዝና ሽንኩርት ዋጋ ሳይሆን ከዋጋው ላይ ድርሻ ስለሚወስደው ነገር እናወራለን፤ ስለ መኪና።

የሩዝ ሽያጭ ጋብ ብሎ የመስኖ ሽንኩርት መነሣት ሲጀምር በይፋግና በወረታ ነጋዴዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «አንድ መኪና ልገዛ ነው። ከቀበሌ እህል የሚያወጣ፣ አዲስ አበባ የሚደርስ፣ ጭቃ የማይዘው፣ እሑድ ደግሞ ቤተሰብ የሚያሳፍር የቱ ነው?»

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ሁሉንም የሚሞክር መኪና አለ። ሁሉንም በርካሽ የሚሠራ ግን የለም። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚባለው ለመኪና ገበያም ይሠራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የቱ መኪና ሁሉን ይችላል?» ሳይሆን «የቱን ሥራ ተከራይቼ ማሠራት አልችልም?» የሚለው ነው።

1. መንገዱ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው

አንደኛው ከማሳ እስከ አስፋልት ያለው ነው። ርቀቱ አጭር ነው፣ ግን ከባዱ እሱ ነው። የፎገራ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ቦታ ውኃ ይተኛበታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ቦዩና ረግረጉ ቶሎ አይደርቅም። እዚህ ላይ የሚሠራው ጋሪ፣ አህያ፣ ጭነት ባጃጅና ከፊትም ከኋላም የሚነዳ ፒካፕ ነው።

ሁለተኛው ከይፋግ ወደ ወረታ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያለው አስፋልት ነው። ለቀላል የጭነት መኪና ይመቻል፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ነው፤ ከይፋግ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ከልክ በላይ የጫነና ፍሬኑ የደከመ መኪና ትርፍ አያመጣም፣ አደጋ ያመጣል እንጂ።

2. በኩንታል ሲሰላ

ለስሌት ያህል ክብ ቁጥር እንያዝ። እናንተ በራሳችሁ መኪና ፍጆታና በዕለቱ የናፍጣ ዋጋ ቀይሩት።

ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ (ሃይሉክስና መሰሎቹ)፦ 10 ኩንታል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር። በኩንታል 1 ሊትር።

አይሱዙ ኤንፒአርና መሰሎቹ፦ 40 ኩንታል፤ 16 ሊትር። በኩንታል 0.4 ሊትር።

ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና፦ 400 ኩንታል፤ 50 ሊትር። በኩንታል 0.125 ሊትር።

ይህን በ600 ኪሎ ሜትር አባዙት። አንድ ኩንታል ሩዝ አዲስ አበባ ለማድረስ ፒካፑ 6 ሊትር ይጠጣል፣ ኤንፒአሩ 2.4፣ ተሳቢው 0.75። የሾፌር አበል፣ ጎማና ዘይት ገና አልገባም። ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ የመልሱም ነዳጅ እዚያው ኩንታል ላይ ይጫናል።

ይህ ገበሬውን ምን አገባው? በደንብ ያገባዋል። ነጋዴው ይፋግ ላይ የሚሰጠው ዋጋ የአዲስ አበባው ዋጋ ሆኖ ትራንስፖርት፣ ጫኝና አውራጅ፣ ደላላ፣ ብክነትና ትርፍ ሲቀነስለት የሚቀረው ነው። ትራንስፖርቱ በኩንታል አምስት ሊትር ከበለጠ ያ ልዩነት ከገበሬው ዋጋ ወይም ከነጋዴው ትርፍ ይወጣል። ሁለቱም እምቢ ካሉ እህሉ ለሌላ ገዢ ይሄዳል።

አንድ ነገር እዚሁ ላይ፦ ያልተፈለፈለ ሩዝ ሩቅ አታጓጉዙ። 100 ኩንታል ገብቶ የሚወጣው ነጭ ሩዝ 65 ኩንታል ገደማ ነው። ወረታ ላይ ሳይፈለፈል የሄደ ጭነት ሲሶውን ለገለባ ኪራይ ከፈለ ማለት ነው። መኪና ከመቀየር በፊት ይህን ማስተካከል ይቀላል።

3. የሚከራየውና የማይከራየው

ይፋግ የታደለች ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴና የአሞሌ ጨው መገናኛ ያደረጋት መንገድ ዛሬም በደጇ ያልፋል። ከመተማና ከጎንደር በኩል ሰሊጥና ጥራጥሬ የሚያወርዱ፣ ወደ ላይ ሸቀጥ አድርሰው የሚመለሱ ከባድ መኪኖች በዚያው ነው የሚያልፉት። ባዶውን ለሚመለስ ሾፌር ማንኛውም ጭነት ትርፍ ነው፤ ስለዚህ የረጅሙ መንገድ ኪራይ ላይ መደራደር ይቻላል።

የማይገኘው የአጭሩ መንገድ መኪና ነው። የተሳቢ ባለቤት ቀበሌ ውስጥ ለ30 ኩንታል አይገባም። አዝመራ ሲደርስ ደግሞ ጋሪውም ባጃጁም በአንድ ቀን ይፈለጋል። ሽንኩርት አይጠብቅም፤ ሸራ ሥር ታፍኖ ሁለት ቀን ካደረ ወይም ዝናብ ካገኘው መበላሸት ይጀምራል። ቲማቲም ከዚያም ይብሳል።

እንግዲህ መርሁ ይህ ነው፦ የማይከራየውን ግዙ፣ የሚከራየውን ተከራዩ።

4. ለማን የቱ?

ለይፋግና ለወረታ ነጋዴ፦ አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው የኤንፒአር ዓይነት ቀላል የጭነት መኪና ነው። በበጋ ቀበሌ መንገድ ይገባል፣ በአስፋልት ባሕር ዳርና ጎንደር ይመላለሳል፣ ካስፈለገ አዲስ አበባም ይደርሳል። ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ አይገባም፤ ለዚያ ጋሪውን መክፈል ይረክሳል። ቤተሰብ ለማሳፈር አይመችም፤ ለዚያም ሚኒባስ አለ።

ለዩኒየን፦ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ለመስክ ሥራ፣ ለዘር ክትትልና ለስብሰባ ጥሩ ነው፤ መሠረታዊ ማኅበራቱን ዞሮ ለማየት ሌላ የሚተካው የለም። ግን «ጭነትም ይሠራልናል» ተብሎ ለጉባኤ አይቅረብ። የአስተዳደር ወጪ ነው፤ እንደዚያው ይመዝገብ። የአባላትን ምርት ለማንሣት የጭነት መኪና ለብቻው ይታሰብ፣ ወይም ከአዝመራው በፊት የኪራይ ውል ይታሰር።

ለላኪ፦ እናንተ የምትፈልጉት በሰዓቱ መድረስና ንጹሕ ካሶኒ ነው። መኪና ከመግዛት አስተማማኝ ውል ይሻላል። ሰሊጥ ወይም ሽምብራ ከመጫኑ በፊት ካሶኒው ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ ጭኖ እንደሆነ ይታይ።

5. ከመግዛት በፊት

የቆመበትን ቀን ቁጠሩ። ለምሳሌ የሾፌር ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎና የዕርጅናው ግምት በዓመት 300,000 ብር ቢሆን፣ 200 ቀን ለሠራ መኪና በቀን 1,500 ብር ነው። መንገድ ተዘግቶ ወይም ጭነት ጠፍቶ 100 ቀን ብቻ ከሠራ 3,000 ይሆናል። መኪናው ሲቆም ወጪው አይቆምም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ ስንት ቀን እንደተዘጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይህን ሳትቆጥሩ በብድር አትግዙ።

ሊብሬውን አንብቡ። የመጫን አቅሙ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ይመሳከር። ኮድ 2 በኪራይ ጭነት አይሠራም፤ የመልስ ጭነት የምታስቡ ከሆነ ኮድ 3 ያስፈልጋል።

መለዋወጫውን ከመኪናው በፊት ጠይቁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከገበያው ጋር እንዲንሳፈፍ ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 በላይ ወጥቷል፤ ጎማና መለዋወጫ ደግሞ በዶላር የሚገባ ነው። ባሌስትራው፣ ፍሪሲዮኑና የፍሬን ሸራው ባሕር ዳር የማይገኝለት መኪና፣ ቢረክስም አትግዙት።

የኤሌክትሪኩን ነገር በልኩ እዩት። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተወስኗል፤ ቤተሰብ ማሳፈሪያ የምትፈልጉ ወደዚያው መሄዳችሁ አይቀርም። ለጭነት ግን ሻጩ የሚነግራችሁን ሳይሆን ጭኖ፣ ዳገት ወጥቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ሞክሩ። የት እንደምትሞሉትና መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉም አስቀድማችሁ ወስኑ።

በመጨረሻ ይህን አድርጉ። ያለፈውን ዓመት ጉዞ በወረቀት ጻፉ፤ ስንት ጊዜ ቀበሌ ገባችሁ፣ ስንት ጊዜ ባሕር ዳር ሄዳችሁ፣ ስንት ጊዜ አዲስ አበባ፣ በየጉዞው ስንት ኩንታል። ከሁሉ የበዛውና ተከራይታችሁ ያላገኛችሁት ጉዞ መኪናውን ይመርጥላችኋል። በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚሆን ነገር ዓመቱን ሙሉ አትክፈሉ።

መልካም ገበያ!