በአኩፓንክቸር መርፌ ጊዜ የሚሰማው መደንዘዝ፣ ክብደትና ንዝረት ምንድን ነው?

በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ሬክስዴል ከብዙ አገራት የመጡ ሰዎች መኖሪያ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆችም በአካባቢው በብዛት ይኖራሉ። ሰፈሩ ለፒርሰን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ሲሆን፣ በዙሪያው መጋዘኖችና ፋብሪካዎች አሉ። ዕቃ በማንሳት፣ ለረጅም ሰዓት በመቆም ወይም መኪና በመንዳት ለሚተዳደር ሰው የወገብና የትከሻ ሕመም እንግዳ አይደለም።

ሕመሙ አልለቅ ሲል አንዳንዶች የሚሞክሩት አኩፓንክቸርን ነው። ይህ በቀጫጭን መርፌዎች የሚሰጥ ጥንታዊ የቻይና ሕክምና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታከም ሰው የክትባት ዓይነት ውጋት ይጠብቃል። የሚሰማው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። እጅ ይከብዳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ መርፌው ካረፈበት ርቆ የሚገኝ ቦታ ይነዝራል። ሙቀት የሚሰማው፣ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ምክንያቱን ሳያውቅ ዕንባው የሚፈስም አለ።

ይህ ሁሉ ምን ማለት ነው? ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ያሳያል ወይስ የአደጋ ምልክት ነው?

ስሜቱ በቻይና ሕክምና ስም አለው

የቻይና ሕክምና ባለሙያዎች ይህን ስሜት ‘ደ ቺ’ ይሉታል። በእነርሱ አስተምህሮ ‘ቺ’ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ነው። ‘ደ ቺ’ ደግሞ ይህ ኃይል መርፌው ያረፈበት ቦታ ላይ መድረሱን የሚገልጽ ቃል ነው።

ስሜቱ በአራት ነገሮች ይገለጻል። የመጀመሪያው ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻ ላይ የሚቀረውን ዓይነት መዛል ነው። ሁለተኛው መደንዘዝና መውረር፣ ሦስተኛው ከውስጥ የመወጠር ስሜት፣ አራተኛው ክብደት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ “ነዘረኝ”፣ “ወረረኝ”፣ “ደነዘዘኝ” ወይም “ከበደኝ” ሲል የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

ለውጡ የሚሰማው ለታካሚው ብቻ አይደለም። ባለሙያውም መርፌው ከውስጥ እንደተያዘ ሁሉ ጣቱ ላይ መጎተት ይሰማዋል። የቻይና ሐኪሞች ይህን ዓሣ መንጠቆ ሲይዝ ከሚሰማው ጉተታ ጋር ያመሳስሉታል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይፈጠራል?

በዘመናዊው የሰውነት ጥናት ‘ቺ’ የተባለ ኃይል በመሣሪያ ተለክቶ አልተገኘም። ስሜቱን ግን ያለ እርሱም ማስረዳት ይቻላል።

መርፌው ቆዳን አልፎ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ የተለያዩ ነርቮችን ይነካል። ፈጣኖቹ ነርቮች ስለታም ውጋትን ያስተላልፋሉ። ቀጭንና ዘገምተኛ የሆኑት ደግሞ መዛልንና ድፍን ያለ ሕመምን ይዘው ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ከጥልቅ ጡንቻ የሚመጣ መልዕክት ከየት እንደተነሳ ለመለየት አንጎል ይቸገራል። መርፌው ክንድ ላይ ሆኖ ጣት የሚነዝረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጎተቱን ምክንያት የመረመሩት በአሜሪካ የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሄለን ላንጅቪን እና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.አ.አ በ2001 ባሳተሙትና 60 ጤነኛ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ መርፌው ሲሽከረከር መልሶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል እንደሚጨምር ለክተዋል። ቡድኑ እንዳስረዳው መርፌው ሲዞር ከቆዳ ሥር ያለው ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ፣ ክር በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ሁሉ፣ ይጠመጠምበታል። ይህ የሆነው ግን የአኩፓንክቸር ነጥብ በሚባሉት ቦታዎች ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ ውጭም ጭምር ነው።

በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሠሩት ካትሊን ሁዪ እና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው የጥናት ተሳታፊዎችን አንጎል በኤምአርአይ ተመልክተዋል። እ.አ.አ በ2005 የወጣው ጥናታቸው፣ ተሳታፊው መዛልና ክብደት ብቻ ሲሰማው ከስሜትና ከፍርሃት ጋር የሚያያዙት የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ ያሳያል። ስለታም ሕመም ሲጨመርበት ግን የታየው ተቃራኒው ነው። ድፍን ያለው ክብደትና ስለታሙ ውጋት፣ በአንጎልም ዘንድ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው።

ስሜቱ የመዳን ምልክት ነው?

ጠንካራ ስሜት የተሰማው ሰው “መርፌው ያዘልኝ” ብሎ ሊያስብ ይችላል። ማስረጃው ግን ይህን በቀላሉ አይደግፍም።

እ.አ.አ በ1998 ጀርመናዊው ሐኪም ኮንራድ ሽትራይትበርገር ጫፉ የደነዘዘ፣ ሲጫኑት ወደ እጀታው የሚሸሽ የማስመሰያ መርፌ አስተዋውቀዋል። ከ60 በጎ ፈቃደኞች መካከል በእውነተኛው መርፌ መወጋት የተሰማቸው 54 ሲሆኑ፣ ቆዳቸው ሳይበሳ በማስመሰያው የተወጉ የመሰላቸው ደግሞ 47 ነበሩ። የሰው ልጅ የሚጠብቀውን ነገር ሊሰማው እንደሚችል ይህ ቁጥር ያመለክታል።

በጀርመን የተካሄደውና እ.አ.አ በ2007 ይፋ የሆነው ሌላ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1,162 ሰዎች አካትቷል። ከስድስት ወር በኋላ በባህላዊው ሥርዓት መርፌ ከተሰጣቸው 47.6 በመቶው መሻሻል አሳይተዋል። ከነጥቦቹ ውጭ ጠለቅ ሳይል ከተወጉት መካከልም መሻሻል ያሳዩት 44.2 በመቶ ናቸው። መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴን ባካተተው የተለመደው ሕክምና የተሻላቸው ግን 27.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ሕክምናው ለአንዳንዶች ማስታገሻ ሊሆን ቢችልም፣ የስሜቱ ጥንካሬ የመዳን መለኪያ አይደለም። ምንም ያልተሰማው ሰው ሕክምናው ከሸፈ ብሎ መስጋት፣ ያመመውም ‘ይሠራል’ ብሎ መታገሥ አይጠበቅበትም።

ዝም የማይባልባቸው ምልክቶች

ሕመምን ችሎ ማሳለፍ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ጨዋነት ይታያል። በባዕድ ቋንቋ ማስረዳት ሲታከልበት ደግሞ ዝምታው ይበረታል። መርፌ ተሰክቶ በተኛ ሰው ላይ ግን ይህ ዝምታ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

መርፌው እንደገባ የኤሌክትሪክ ዓይነት ስለታም ንዝረት ከተሰማ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። እየጨመረ የሚሄድ ማቃጠል፣ ወይም መርፌው ከወጣ በኋላ የማይለቅ መደንዘዝም እንዲሁ ነው።

ላብ ላብ ማለት፣ ማቅለሽለሽና ዓይን መጨለም የራስ መሳት መቅድም ናቸው። ይህ የሚሆነው የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ ሲሆን፣ ፍርሃት፣ ድካምና ባዶ ሆድ ያባብሱታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ፣ ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ቢያደርግ፣ ሕክምናውንም ተኝቶ ቢወስድ ይመረጣል።

እጅግ አሳሳቢው ሳንባ መበሳት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ይከሰታል፤ በጀርመን 229,230 ታካሚዎችን የተከታተለውና እ.አ.አ በ2009 የታተመው ጥናት የመዘገበው ሁለት ብቻ ነው። ሆኖም ደረት፣ ትከሻ ወይም ጀርባ ላይ መርፌ የተደረገለት ሰው ከሰዓታት በኋላም ቢሆን ትንፋሽ ካጠረውና ደረቱን ከወጋው፣ በካናዳ ወደ 911 ሊደውል ይገባል። በዚሁ ጥናት ይበልጥ የተለመዱት ጉዳቶች መጠነኛ መድማትና መበለዝ ሲሆኑ፣ ከመቶ ስድስት ያህሉን አጋጥመዋል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ይህን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

መርፌውን የያዘው ማን ነው?

ሬክስዴል የሚገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት እ.አ.አ በ2006 የቻይና ባህላዊ ሕክምናን የሚመለከት ሕግ አጽድቋል። ከሚያዝያ 2013 ጀምሮም የሙያው ተቆጣጣሪ ኮሌጅ ባለሙያዎችን ይመዘግባል፣ ቅሬታም ይቀበላል። ‘ኮሌጅ’ ቢባልም ትምህርት ቤት አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ጨምሮ የሌሎች የጤና ሙያዎች አባላትም በየተቆጣጣሪያቸው ደንብ መሠረት አኩፓንክቸር መስጠት ይችላሉ። የባለሙያው ስም በሕዝብ መዝገብ ላይ መኖሩን በኢንተርኔት ማረጋገጥ ይቻላል።

የክፍለ ግዛቱ የጤና መድን አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ሕክምና ወጪ አይሸፍንም። አንዳንድ የሥራ ቦታ መድኖች ግን ከፊሉን ይከፍላሉ፤ ክፍያውም ባለሙያው የተመዘገበ መሆኑን መሠረት ሊያደርግ ይችላል።

በሰውነት ላይ በሚሠራ ሕክምና ሕመምን ማስታገሥ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ ዋግምት ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። የቻይና ሐኪሞች ቡድኖችም እ.አ.አ ከ1974 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲያገለግሉ፣ አኩፓንክቸርን ለታካሚዎች አስተዋውቀዋል።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው ብሂል እዚህም ይሠራል። መርፌው ከመሰካቱ በፊት “ያማል”፣ “ነዘረኝ” እና “ይውጣልኝ” የሚሉትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባሉ አውቆ መግባት፣ ቋንቋው ካልሆነም አስተርጓሚ ይዞ መሄድ ወይም በእጅ ምልክት አስቀድሞ መስማማት ይጠቅማል። ስሜቱን የሚያውቀው ታካሚው ብቻ ነው፤ ባለሙያው የሚያውቀው ሲነገረው ነው።